የወደቀችው «ነ»

ያንን ትልቅ የበጎ አድራጎት ድርጅት የመሠረትኩት እኔ ነኝ። ለመኩራት ብዬ አይደለም የምናገረው። በየዓመቱ የምሥረታ በዓሉ ሲከበር መድረክ ላይ የሚወጣው ሁሉ መሥራቿ ዘፋኟ ጸሐይወርቅ ናት እያለ ያስጨበጭባል፤ ጸሐይወርቅም አንገቷን ሰበር አድርጋ ጭብጨባውን ትቀበላለች፤ እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ በቴሌቪዥን አያለሁ። እውነቱ ግን ድርጅቱ የቆመው በሁለት የፊት ጥርሶቼ መውለቅ ላይ ነው። ጥርሶቼ ያን ሰሞን ባይወልቁ ኖሮ «ስንቅሽን ስጪን» የሚባል ዘመቻ ባልተሰማ፣ የእኔም ፊት በዱቄት ከረጢት ላይ ታትሞ አገር ባልዞረ ነበር።

ሰባት ዓመቴ ነበር። ዘመኑ በእኛ አቆጣጠር 1992 ዓ.ም.፣ አገሩ ሱዳን፣ ሰፈራችን ካርቱም ባሕሪ። ከመኪና ጋራዦቹ ጀርባ፣ ሖሽ በሚሉት ሰፊ ግቢ ውስጥ፣ ከአገር ቤት የመጡ ሴቶች በየክፍሉ ተከራይተው ይኖራሉ። ቀኑን ሙሉ ብረት ሲቀጠቀጥ ይውላል፤ አየሩ የተቃጠለ ዘይትና አቧራ ይሸታል። እናቴ መዲና የወሎ ሰው ናት፤ ካፉሪ ከሚባለው የሀብታሞች ሰፈር አንድ ቪላ ታጸዳለች። አባቴ ዳውድ ሊቢያ ነው ይባላል፤ መሆኑን ያረጋገጠልኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

በአንድ ክፍል አብራን የምትኖረው ስንቅነሽ ደግሞ ጎንደሬ ናት፣ ክርስቲያን። እናቴ ስትሰግድ ስንቅነሽ ሬዲዮኑን ትዘጋለች፤ ስንቅነሽ ስትጾም እናቴ ሥጋውን ደጅ አውጥታ ትሠራለች። አንዷ ሥራ ስትሄድ አንዷ እኔን ትይዛለች። ስለዚህ በአባት በኩል የጎደለኝ በእናት በኩል ተሟልቶልኛል ማለት ይቻላል። ሁለቱ የሚጨቃጨቁት በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በእኔ አማርኛ።

እኔ ከሰፈሩ ልጆች ጋር የምጫወተው በዐረብኛ፣ የምጣላውም በዐረብኛ፣ የማልመውም በዐረብኛ ነው። አማርኛ የሚነገረኝ ክፍላችን ውስጥ ብቻ ነው፤ እሱንም ግማሹን ገምቼ ነው የምሰማው። እናቴ «ተያት፣ ስታድግ ይገባታል» ትላለች። ስንቅነሽ ግን አትተውም። ሥራዋ ሻይ መሸጥ ነው፤ ድልድዩን ተሻግራ ካርቱም ውስጥ፣ ትልልቅ ሰዎች የሚዝናኑበት አንድ ክለብ በር አጠገብ፣ ዛፍ ሥር በርጩማዎቿን ደርድራ ትውላለች። ስትመለስ ከምድጃዋ የተረፈውን ከሰል ይዛ ትመጣና የክፍላችንን ቆርቆሮ በር ሰሌዳ ታደርገዋለች።

«ነ፣ ኑ፣ ኒ» ትላለች እየጻፈች። «በይ አሁን ስሜን ጥሪ።»

«ኻልቲ።» አክስቴ ማለቴ ነው።

«ኻልቲ ስም አይደለም። ስሜን።»

«ስንቅሽ።»

«‹ነ› የት ሄደች?»

«ማፊ» እላለሁ፤ የለችም።

ጥርሶቼ ከወለቁ ወዲህ ከ«ቅ» ወደ «ሽ» ስሻገር «ነ» በክፍተቱ ሾልካ ትወድቅብኝ ነበር። ስንቅነሽ አገጬን ይዛ አፌ ውስጥ ታያለች፣ የጠፋችውን ፊደል የምትፈልጋት ይመስል።

«ስንቅሽ ካልሽ የሚበላ ነገር ነው የጠራሽው፤ ለመንገድ የሚያዝ ዳቦ፣ ቆሎ። እኔ ቆሎ ነኝ? እናቴ ስትወልደኝ ለመንገዴ ስንቄ አንቺ ነሽ ብላ ነው ያወጣችልኝ። ስንቅ ነሽ። ‹ነ›ን ከዋጥሽብኝ እኔ የለሁም ማለት ነው።»

ከዚያ ስሟን በሩ ላይ በትልቁ ትጽፈዋለች። እኔም በጣቴ እየተከተልኩ አነባለሁ፣ እጄ እስኪጠቁር። አንብቤ ስጨርስ «ወዬ» ትለኛለች። ትምህርቱ የሚያልቀው እሷ «ወዬ» ስትል ነው። ያቺን «ወዬ» ለመስማት ስል ብቻ ነበር ፊደል የቆጠርኩት።

አንድ ቀን ስንቅነሽ ከሥራ አልተመለሰችም።

ሴቶቹ ግቢው መሐል ተሰብስበው ማውራት ጀመሩ። ከመሐላቸው ጎረቤታችን ሬሕማ «ካሻ ወሰዳት» አለች። እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ከነማንቆርቆሪያዋ፣ ከነበርጩማዋ» አለች ሬሕማ። «የመንገዱን ሴቶች በሙሉ አፍሶ ሄደ።»

በካርቱም ኑሮ ካሻ ማለት አፈሳ ነው፤ ወረቀት የሌለውን ሰው ከመንገድ ላይ እያነሡ ቦክሲ በሚሉት ኋላው ክፍት በሆነ መኪና ጭነው ይሄዳሉ። ይህን አሁን አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን ካሻ ሰው ነበር። ሁሌም «ካሻ መጣ»፣ «ካሻ ሄደ»፣ «ካሻ እንዳያገኝሽ» ሲባል ነዋ የምሰማው። ትልቅ ሆድ ያለው፣ ቤቱ በማንቆርቆሪያና በበርጩማ የተሞላ ሽማግሌ አድርጌ ነበር የማስበው። ሻይ በጣም እንደሚወድም ደምድሜ ነበር፤ አለዚያ ሻይ የሚሸጡትን እየመረጠ ለምን ይወስዳል? ስንቅነሽ አሁን እዚያ ተቀምጣ ሻይ እያፈላችለት ነው። ሻዩን ጠጥቶ ሲጠግብ ይመልሳታል ብዬ ጠበቅሁ። ካሻ ግን አልጠገበም።

እናቴ በየቀኑ ከካፉሪ ስትመለስ የታሰሩበት ግቢ ድረስ ምግብ ይዛ ትሄድ ነበር። አንዳንድ ቀን ዘበኛው ይቀበላታል፣ አንዳንድ ቀን ይመልሳታል። አንድ ቀን ማክሰኞ በካሚዮን ጭነው ወደ ድንበር እንደሚወስዷቸው ሰምታ መጣች። ሰው ያለው ይወጣል፤ ትልቅ ሰው አንድ ቃል ከተናገረለት በዚያው ቀን ይለቀቃል። እኛ የምናውቀው ትልቅ ሰው ግን የእናቴ አሠሪ ሴትዮ ብቻ ነበረች፤ እሷም እናቴ ስትነግራት «አላህ ይርዳት» ብላ መስኮቱ በደንብ አልተወለወለም አለቻት።

በዚያው ሰሞን ነው እንግዲህ ካርቱም ያላት ፀሐይ አንሷት ሌላ ጸሐይ የመጣችላት። ጸሐይወርቅ ለሐፍላ፣ ማለት ለሙዚቃ ድግስ፣ ልትመጣ ነው ተባለ። ካሴቷ የሌለበት ቤት አልነበረም። ከዘፈኗም ይልቅ ደግነቷ ነበር የሚወራው። ለዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት የራሷን ትልቅ ፎቶ በወርቃማ ፍሬም አበርክታለች። ሆስፒታል ለተኙ ሕፃናት አዲሱን ካሴቷን አድላለች፤ ማጫወቻውን ማን እንደሚያመጣ አልተነገረም። በሄደችበት አገር ሁሉ መጀመሪያ ችግረኛ ካልጎበኘች መድረክ ላይ ድምፅዋ አይከፈትም አሉ። ካርቱም ላይ የተመረጠው ችግረኛ የእኛ ግቢ ሆነ።

የመረጠን ሐፍላውን የሚያዘጋጀው ገዛኸኝ ነው። ከአገር ቤት ዘፋኝ እያስመጣ ሀብታም የሆነ ሰው ነው፤ ሪያድ ሰፈር ቪላ አለው። በጉብኝቱ ቀን ጠዋት ቀድሞ ሊያየን መጣና ግቢያችንን ዞረ። ሴቶቹ ከጉብኝቱ በፊት ለቀናት ሲጠርጉና ሲያጥቡ ስለከረሙ ቅር አለው።

«ይሄ ዲሽ ይሸፈን» አለ ጣሪያውን እያየ። «ያ ቲቪ ከበር አካባቢ ይራቅ። ሕፃናቱም በጣም አጌጡ፤ ያላ፣ ያቺን ልጅ ሹሩባዋን ፍቱላት።» ያቺ ልጅ እኔ ነበርኩ።

እናቴ የተፈታ ፀጉሬን ይዛ ተጠጋችው። «ጋሼ ገዛኸኝ፣ ሹሩባው ይፈታ። አንዲት እህታችን ታስራብናለች፣ ወላሂ ሻይ ከመሸጥ ሌላ ጥፋት የላትም። ለእንግዳዋ አንድ ቃል ቢነግሩልን። ከትልልቆቹ ጋር ምሳ ትበላለች አሉ።»

«መዲና፣ እህቴ» አለ ገዛኸኝ፣ ድምፁን አለስልሶ። «ዛሬ የስጦታ ዝግጅት ነው። የጉዳይ ቀን አይደለም። እሷ ከሄደች በኋላ ማክሰኞ ቢሮ ነይ።»

«ማክሰኞ እኮ ጭነው ይወስዷታል።»

«እንግዲያው ረቡዕ ነይ።»

ሲሄድ ሬሕማ «ምን ያስለምንሻል እሱን» አለቻት። «ለራሷ ንገሪያት።»

«እነግራታለሁ» አለች እናቴ። «ለእሷ ምን ይከብዳታል? ካሻት ታስፈታታለች።»

«ካሻት ነዋ» አለች ሬሕማ። «ካሻት ትመጣለች፣ ካሻት ትቀራለች፣ ካሻት ታስፈታለች።»

እዚህ ላይ የእኔ ሰዋስው ገባ። ካሻን አውቀዋለሁ። «ት» ደግሞ በዐረብኛ ቃል ጫፍ ላይ ስትመጣ ነገሩን ሴት እንደምታደርገው መምህራችን በአለንጋ አስረድቶናል፤ ሙዓሊም ወንድ ነው፣ ሙዓሊመት ሴት ናት። ስለዚህ ካሻ ወንዱ ነው፣ ካሻት ሴቷ። ካሻት ትመጣለች፤ ካሻት ታስፈታታለች። ከዚህ የበለጠ ግልጽ አማርኛ ሰምቼ አላውቅም ነበር። የምትመጣው ዘፋኝ የካሻ ሚስት ናት፣ ካልሆነም አለቃው። እሱ የሚሰበስበውን ሴትና ማንቆርቆሪያ እሷ ትመልሳለች። የቀረው ፊት ለፊት መጠየቅ ነው። እናቴ ትልቅ ሰው ስለሆነች ይሉኝታ ይይዛታል፤ እኔን አይይዘኝም።

መጣች። ከፊት አንድ ቦክሲ፣ ከኋላ ሌላ ቦክሲ፣ በሁለቱም ላይ ፖሊሶች ቆመዋል፤ በመሐል ጥቁር መኪና። ቦክሲዎቹን ሲያዩ ከግቢያችን ሴቶች ግማሾቹ በጀርባ በር መሮጥ ጀመሩ። ገዛኸኝ ተከትሎ እየሮጠ «አጀብ ነው፣ አጀብ ነው» እያለ መለሳቸው። እኔ ግን አልተንቀሳቀስኩም። መኪናዎቹን ሳይ ልቤ በደስታ ዘለለ። የካሻ መኪናዎች ናቸው፤ ካልኩት ዝንፍ አላለም።

ካሻት ከጥቁሩ መኪና ወረደች። እንዳሰብኩት ወፍራም አልነበረችም። ነጭ ልብስ በአረንጓዴ ጥለት ለብሳለች፣ ዓይኗን ትልቅ ጥቁር መነጽር ሸፍኖታል፤ ግቢያችን ውስጥ ሸትቶ የማያውቅ የአበባ ሽታ ከፊቷ ቀድሞ ገባ። ከኋላዋ ካሜራ የያዘ ሰውና ካርቶን የተሸከሙ ሰዎች ተከተሉ። ካርቶኖቹ ሲከፈቱ ካናቴራዎች ወጡ፤ በእያንዳንዱ ደረት ላይ የእሷ ፊት አለ። ወዲያው ግቢው በጸሐይወርቅ ተሞላ። ከታች ያሉት ሁሉ ይስቃሉ፤ ከላይ ያሉት የእኛ ሴቶች ፊቶች ግን ገና ምን እንደሚደረግ ይጠብቃሉ።

እናቴ ካናቴራዋን በቀሚሷ ላይ ደርባ ተጠጋቻት። «የኔ እመቤት፣ አንዲት እህታችን ታስራ…»

«ምን አለችኝ?» አለች ጸሐይወርቅ ወደ ገዛኸኝ ዞር ብላ።

«እንኳን ደህና መጣሽ አለችሽ» አለ ገዛኸኝ።

ከአማርኛ ወደ አማርኛ ሲተረጎም ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እናቴ እንደገና አፏን ስትከፍት ካሜራ ያዡ በትከሻው ገፋ አደረጋት፤ ብርሃኑን ጋርዳበት ነበር። ጸሐይወርቅ እኔን አየችኝ። ፀጉሬ ተፈትቶ ቆሟል፣ ጥርስ የለኝም፣ አቧራ በአቧራ ሆኛለሁ። ገዛኸኝ ተሳክቶለታል። ሴትየዋ ቀሚሷን ሰብስባ ፊቴ ተንበረከከች።

«የኔ ማር» አለችኝ። «ስምሽ ማነው?»

«ፋሪሃ። አንቺ ካሻት?»

ሳቀች። «እኔ ምን ያሻኛል? አንቺን ምን አሻሽ? ንገሪኝ፣ ምን ላድርግልሽ?»

አልካደችም። ካሻት ናት። በር ላይ በከሰል የተጻፈውን ስም አሰብኩ፤ በጣቴ እንደምከተለው አድርጌ፣ አንድም ፊደል እንዳይቀር ተጠንቅቄ፣ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ስንቅነሽን ስጪን ነበር ያልኩት። ወይም ያልኩ የመሰለኝ።

«ስንቅሽን ስጪን።»

ጸሐይወርቅ መነጽሯን አወለቀች። ዓይኖቿ እንባ ሞልተዋል፤ የውሸት እንባ ነበር ብዬ ብናገር ደስ ባለኝ፣ ግን የእውነት ነበር። «ሰማችሁ?» አለች። «ልብስ አልጠየቀችኝም። መጫወቻ አልጠየቀችኝም። ስንቄን ነው የጠየቀችኝ። እዚህ ድረስ ተርበው፣ የመንገደኛ ስንቅ እየለመኑ!» ካሜራው ተጠጋ። አፌ ገና እንደተከፈተ ነበር።

«ስም ነው» አለች እናቴ ከኋላ። «ሰው ናት። ስንቅነሽ! ስንቅነሽ!»

«ምን ይላሉ እናትየው?»

«ስንቅ ነሽ ይሉሻል» አለ ገዛኸኝ፣ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ። «አንቺ ስንቃችን ነሽ እያሉ ነው።»

ይህን ሲሰሙ ካርቶን ተሸካሚዎቹ አጨበጨቡ፤ ነገሩ ያልገባቸው የግቢያችን ሴቶችም እልል አሉ። ጸሐይወርቅ እናቴን አቀፈቻት። እናቴ እቅፏ ውስጥ ሆና «ስንቅነሽ፣ ስንቅነሽ» ትላለች፣ ጸሐይወርቅም «አዎ የኔ እናት፣ ነኝ» ትላታለች። ከዚያ ከእጅ ቦርሳዋ አውሮፕላን ላይ የተሰጣትን ብስኩት አውጥታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችና ጣቶቼን አጠፈቻቸው። ሄዱ። ቦክሲዎቹም አንድም ሰው ሳይጭኑ ሄዱ፤ ሴቶቹ ይህንን ራሱን እንደ ስጦታ ቆጠሩት።

ብስኩቱን አልበላሁትም። ካሻት ለስንቅነሽ መያዣ የሰጠችኝ ነው የመሰለኝ። ስንቅነሽን ሲያመጧት ብስኩቱን እመልስላቸዋለሁ፤ እንዲህ ነው የተዋዋልነው። በላብ እንዳይረጥብ በጨርቅ ጠቅልዬው በሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ሐፍላው በዚያው ቀን ተካሄደ። ድልድዩን ተሻግሮ እኛ ዘንድ አልተሰማም። ጸሐይወርቅ መድረክ ላይ ስለ አንዲት ጥርስ አልባ ሕፃን ተናግራ ሰዉን ሁሉ አስለቅሳለች አሉ።

ማክሰኞ እናቴ ከሥራ ቀርታ በጠዋት ምግብ ይዛ ሄደች። ስትመለስ የምሳ ዕቃው እንደተከደነ ነበር።

«በላች?» አልኳት።

«ሄደች።»

«ብስኩቱስ?»

«የምን ብስኩት?»

አሳየኋት። ካሻት ስንቅነሽን እስክታመጣ እየጠበቅሁ መሆኑን በተሰባበረ አማርኛዬ አስረዳኋት። መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ለቅሶ ጀመረች። እናቴ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም ነበርና ፈራሁ።

«ካሻት ማለት እኮ ከፈለገች ማለት ነው» አለችኝ በመጨረሻ፣ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠርጋ። «ካሻ ሌላ፣ ካሻት ሌላ። ሴትየዋና ካሻ አይተዋወቁም።»

«ታዲያ አልፈለገችም?»

«አልሰማችም» አለች እናቴ።

ያን ቀን በሩ ላይ በከሰል የተጻፈውን ስም ማንም እንዳይነካው ከለከልኩ። የካርቱም አቧራ ግን የሚከለከል አይደለም።

ዓመት ሳይሞላ ዘመቻው ተጀመረ። «ስንቅሽን ስጪን» ተብሎ ተሰየመ፤ ፖስተሩ ላይ የእኔ አፍ ተከፍቷል፣ ዓይኔ ፈጥጧል፣ ፀጉሬ ቆሟል። ከሥሩ «በስደት ወላጆቿን ያጣችው ፋሪሃ» ይላል። በመጀመሪያው ፎቶ ላይ የእናቴ ክንድ ከጀርባዬ ይታይ ነበር፤ ለፖስተሩ ሲሆን ተቆርጦ ወጣ። እናቴ ፖስተሩን ያየችው ካርቱም ውስጥ አንድ ሐበሻ ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ነው። ረዥም ጊዜ ቆማ አየችውና «ቢያንስ ስሞት ነግረውኝ ቢሆን» ብላ ምግቧን ሳትጨርስ ወጣች።

አልዋሽም፤ እህሉ የእውነት እህል ነበር። የተከፋፈለው ዱቄት ያልነቀዘ፣ የበላውም ሰው የጠገበ ነው። ማንን እንደጠራሁ ሳያውቁ በእኔ አፍ የጠገቡ ብዙ ሰዎች አሉ፤ ይህን መናቅ አይገባኝም። ቁጣዬን ለመያዝ የሚያስቸግረኝም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

እናቴ ግን ሴትየዋና ካሻ አይተዋወቁም ስትል ተሳስታለች። ድርጅቱ አሥር ዓመት ሲሞላው ገዛኸኝ በቴሌቪዥን ቀርቦ ነበር፤ አሁን የቦርድ ሰብሳቢ ነው፣ ሸብቷል፣ አምሮበታል። ጋዜጠኛዋ «አቶ ገዛኸኝ፣ የዚያን ታሪካዊ ጉዞ ስታዘጋጁ በጣም የከበደዎት ምን ነበር?» ብላ ጠየቀችው።

«ጽዳቱ» አለ ገዛኸኝ። «ሐፍላው የሚደረግበት ክለብ በር ላይ ሻይ የሚሸጡ የአገራችን ሴቶች ይበዙ ነበር። ጸሐይዬ ደግሞ አዛኝ ናት፤ ገና ከመኪና ስትወርድ እነሱን ብታይ ልቧ ይሰበርና መዝፈን ያቅታታል። የሚመለከታቸውን ሰዎች ለመንኩና እሷ ከመምጣቷ በፊት መንገዱን በሙሉ አጸዱልን።»

ጋዜጠኛዋ ራሷን እየነቀነቀች «ለዝርዝሩ ሁሉ ትጨነቁ ነበር ማለት ነው» አለች።

ሻዬ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ካሻ የዚያን ቀን የመጣው ለጸሐይወርቅ ልብ ታዝኖ ነው። እሷ አላዘዘችውም፣ ስለ መኖሩም አታውቅም፤ የመጣው ግን ለእሷ ነው። ሰባት ዓመቴ ሆኜ፣ በአለንጋ በተማርኩት ሰዋስው፣ ሴትየዋ የካሻ አለቃ ናት ብዬ ነበር። ትልልቆቹ ሁሉ ተሳስተሻል እያሉ አሳደጉኝ።

ወደ ስንቅነሽ ልመለስ። አሥራ ሰባት ዓመት ሲሆነኝ እናቴ ካርቱም በቃኝ አለች። ዕቃችንን ጠቅልለን በገላባት በኩል ድንበሩን አቋረጥንና መተማ ገባን። ስንቅነሽ እዚያው እንደቀረች እናውቅ ነበር፤ የካሚዮን ሾፌሮች ሰላምታ ያመላልሱልን ነበር። አገሯ ጎንደር ባዶ እጇን መግባት አፍራ፣ ድንበሩ ላይ ሻይ ቤት ከፍታለች። ለሾፌሮቹ ሻይ ታፈላለች፤ ማንቆርቆሪያዋን የሚወስድባት የለም።

ሙቀቱ የካርቱም ታናሽ ወንድም ነው። እናቴ ቀድማኝ ገባች። ሁለቱ ተያዩ፣ ተቃቀፉ፣ ከዚያ እየተላቀሱ ማን እንደሸበተ ተሰዳደቡ። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ከምድጃው በላይ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ነገር አየሁ። የዱቄት ከረጢት ነው፤ ተቀድዶ ተዘርግቷል፣ አራቱም ጫፍ በምስማር ተመቷል። እኔ ነኝ። አፌን ከፍቼ።

ጽሑፉ ግን የማውቀው ጽሑፍ አልነበረም። «ቅ» እና «ሽ» መካከል፣ ከላይ፣ በከሰል አንዲት «ነ» ገብታለች።

ስንቅነሽ ወዴት እንደማይ አየች። «ዱቄቱን ሊያድሉ የመጡ ቀን ተሰልፌ ወሰድኩ» አለች። «ጥሩ ዱቄት ነበር። ቤት ገብቼ ከረጢቱን ሳገላብጥ አንቺን አየሁ። ከዚያ ጽሑፉን አነበብኩ። ሳቅሁ። ይህቺ ልጅ ዛሬም ‹ነ›ን ትውጣለች አልኩና ከምድጃው ከሰል አነሣሁ።»

«ለሰው አልነገርሽም?»

«ለማን አልነገርኩም? ይህቺ ልጅ ዱቄት አልለመነችም፣ እኔን ነው የምትጠራው አልኳቸው። እሺ አሉኝ። እሺ ሲሉ እንዴት እንደሚሉ ታውቂያለሽ።» በቀሚሷ ጫፍ ፊቷን ጠረገች። «ይከብድ ነበር እኮ፣ ፋሪሃ። ጠዋት ስከፍት ትጠሪኛለሽ፣ ማታ ስዘጋ ትጠሪኛለሽ። ከረጢት ደግሞ ‹ወዬ› አይባል።»

እናቴ ማልቀሷን አቆመች። ምድጃው ላይ ውሃው ይንፈቀፈቃል። ስለ ጸሐይወርቅ፣ ስለ ገዛኸኝ፣ ስለ ተቆረጠው ክንድ የምነግራት ብዙ ነገር ነበረኝ፤ ለኋላ ተውኩት። ወደ ውስጥ ገባሁና ፊቷ ቆምኩ። ጥርሶቼ በሙሉ በቦታቸው ነበሩ።

«ስንቅነሽ» አልኳት።

«ወዬ» አለችኝ።